የአያቴ «ኳሪ»፦ ይህ የፍላጻ መያዣ የየት አገር ሥራ ነው?

ሰፊዋ ከአዲስ ዓለም

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ በአንዲት ሲንጀር መኪና ፊት 31 ዓመት ተቀምጫለሁ። የጥንት ዕቃ ዐዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን መለካትና ስፌት ማየት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ያየሁትን ሁሉ ለክቼና ቆጥሬ ከፎቶዎቹ ጋር አምጥቼላችኋለሁ።

ባለፈው ወር የአባቴን ቤት ቆርቆሮ ለማስቀየር ቆጡን ስናራግፍ፣ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ የፍላጻ መያዣ ወረደ። ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በልጅነቴ አባቴ በዓመት አንድ ቀን፣ ቤቱ ለዐረፋ ሲጸዳ፣ አውርዶ አቧራውን ይጠርግና መልሶ ይሰቅለው ነበር። እኛ ልጆች መንካት አልተፈቀደልንም። አባቴ ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አሁን የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝና ዕቃው ምን እንደሆነ የማወቁ ተራ የእኔ ነው።

መያዣው ክብና ቀጥ ያለ ነው፤ ያለ ክዳኑ 52 ሳንቲ ሜትር፣ ክዳኑ ብቻውን 14፣ የአፉ ስፋት 8። ውስጡ እንደ እንጨት የደረቀ ወፍራም ቆዳ ነው፤ ከላይ በስስ ቀይ የፍየል ቆዳ ተለብጧል። ቀይነቱ ከክዳኑ ሥር፣ ፀሐይ ባላገኘው ቦታ፣ እስካሁን የበርበሬ መልክ አለው፤ ሌላው ቡናማ ሆኗል። ክዳኑ ከመያዣው አይለይም፤ በግራና በቀኝ በተጎነጎኑ ሁለት የቆዳ ገመዶች ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይወድቅም። ከታች የቆዳ ዘርፍ አለው፤ የቀሩት 17 ናቸው። ጌጡ ሦስት ማዕዘንና ጥልፍልፍ መሥመር ነው። አንዳንዱ ወደ ውስጥ ተጭኖ የወጣ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የቀዩ ቆዳ የላይኛው ገጽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው እንዲታይ የተደረገ ነው።

ስፌቱን ሳይ እጄን በአፌ ጫንሁ። የተሰፋበት የጥጥ ክር ወይም ጅማት አይደለም፤ ከዚያው ከቀዩ ቆዳ እንደ ስንደዶ ቀጥኖ የተቆረጠ ነው። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ አምስት ስፌት አለ። እጥፉ ወደ ውስጥ ስለገባ መጋጠሚያው ከውጭ አይታይም። ይህን የሰፋው ሰው፣ ማንም ይሁን፣ የእጅ ጌታ ነው።

ፍላጻዎቹ 11 ናቸው። ዘንጋቸው ሸምበቆ ነው፤ ከነብረታቸው ከ61 እስከ 63 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ብረቱ ቀጭን ጭራ አለው፤ ጭራው ሸምበቆው ውስጥ ገብቶ በላዩ ላይ ቃጫ ተጠምጥሞበታል። ስድስቱ ቅጠል መሳይ ራስ ኖሯቸው ከሥሩ ሁለት ሁለት ወደኋላ የተመለሱ መንጠቆዎች አሏቸው። የአራቱ የብረት አንገት ረጅም ነው፤ አንገቱ ራሱ እንደ ቆንጥር እሾኻም ነው። አንዱ ብረቱን አጥቷል። በአምስቱ አንገት ላይ እንደ ደረቀ ቅጥራን ያለ ጥቁር ነገር ተለድፏል።

ሰባተኛውን ፍላጻ በቅርብ ያነሣሁትን ፎቶ እዩልኝ። መሐሉ ላይ ተሰብሮ ተጠግኗል። የጠገነው የመጀመሪያው ባለቤት አይመስለኝም፤ የተጠመጠመበት በእንዝርት የተፈተለ የእኛው ጥጥ ነው። ያንን ፈትል ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለየዋለሁ።

አባቴ ሲነግረን፣ የአያቴ አባት ነጋዴ ነበሩ። በቅሎ ጭነው ከጎንደር ጭልጋ፣ ከጭልጋ ወህኒ፣ ከወህኒ መተማ ይወርዱ ነበር፤ ቡናና ሰም ወስደው የጥጥ ጨርቅ ይዘው ይመለሳሉ። በመጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት ጦርነት ተገኝተው ይህን ከድርቡሽ ማርከው አመጡ ይባላል። አያቴ ግን ስለ ምርኮ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እርሳቸው ዕቃውን «ኳሪ» ይሉት ነበር፤ «ኳሪውን ዝናብ እንዳይነካው» ሲሉ ድምፃቸው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አባቴ «ቋራ ማለታቸው ነው፣ የቋራ ዕቃ ስለሆነ ነው» ይለን ነበር።

የየት አገር ሥራ ነው? ጥቁሩ ነገርስ ምንድን ነው? ቆዳው መሰነጣጠቅ ስለጀመረ ግማሽ ጎኑን ቅቤ ቀብቼዋለሁ፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?

ባለ መድኃኒት ቤቱ

እትዬ፣ የዕቃውን አገር ሌሎች ይነግሩዎታል፤ እኔ ጥቁሩ ነገር ላይ ልቅደም። እባክዎ ዛሬውኑ ፍላጻዎቹን በጓንት አንሥተው ሕፃን በማይደርስበት ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባቸው። ያ የደረቀ ነገር የፍላጻ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ አርጅቷል ብለው አይዘናጉ። እንዲህ ያለው መርዝ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላም ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሙዚየም ሠራተኞች አሮጌ ፍላጻ በባዶ እጃቸው የማይነኩት ለዚህ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ መርዙ በብዛት የሚወጣው በአማርኛ መረንዝ ከሚባለው ዛፍ ነው። እንጨቱና ሥሩ ተቀቅሎ እስኪጠቁርና እንደ ሙጫ እስኪወፍር ድረስ እሳት ላይ ይቆያል። ሶማሌዎች ዋባዮ ይሉታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 በፈረንጆች አቆጣጠር ንጥረ ነገሩን ለይቶ ሲያወጣ «ኡዋባይን» የሚለውን ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከሶማልኛው ቃል ነው። በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ መርዙ ስትሮፋንተስ ከሚባል ሐረግ ፍሬ ይወጣል። ተክሎቹ ይለያዩ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ደም ውስጥ ሲገቡ የልብን ምት አዛብተው ያቆማሉ።

ስለ ስትሮፋንተስ ተማሪ ሳለሁ የሰማሁትን አልረሳውም። ከሊቪንግስተን ጋር በዛምቤዚ ወንዝ የተጓዘው ሐኪም ጆን ከርክ የጥርስ ብሩሹን ከመርዙ ናሙና ጋር በአንድ ኪስ ይዞት ነበር። ጥርሱን ሲቦርሽ አፉን መረረው፤ የልብ ምቱም ሲለወጥ አስተዋለ። በኋላ ኤድንብራ ላይ ቶማስ ፍሬዘር መርዙን አጥንቶ ስትሮፋንቲን ለልብ ሕመም መድኃኒት እንዲሆን አደረገ። በብሩሽ ላይ የቀረች ብናኝ ይህን ያህል ከሠራች፣ በአምስት ፍላጻ ላይ የተለደፈውን ያስቡት። በጥፍር መፋቅ፣ በምላስ መቅመስ፣ በእሳት አጭሶ ማሽተት ፈጽሞ አይሞከርም። እስካሁን የነካኩበትን እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቁስል ካለብዎ ደግሞ ጨርሶ አይቅረቡት።

የበለሳ ልጅ

ይህማ ብዙ የሚያጠያይቅ አይደለም። አባትዎ ልክ ነበሩ፤ ኳሪ ማለት ቋራ ነው። ቋራ ቆላ ውስጥ ቀስት የሚይዘው ማን ነው? ጉሙዝ ነው። የድርቡሽ ጦር የሚታወቀው በጦር፣ በጎራዴና በሬሚንግተን ጠመንጃ ነው። ቅድመ አያትዎ መተማ ሲወርዱ ከጉሙዞች ገዝተውት ወይም ነጥቀዋቸው ይሆናል።

የገለጎ መምህር

ቋራ ወረዳ፣ ገለጎ፣ 12 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል የጉሙዝ ልጆች ነበሩ። ወንድሜ የበለሳው ልጅ፣ «ነጥቀዋቸው ይሆናል» የሚለውን እንዲሁ በቀላሉ ጽፈህ ማለፍህ አሳዝኖኛል። ከእነዚህ ሰዎች ለዘመናት የተነጠቀው ዕቃ ብቻ አይደለም። ልጆቻቸው ለባርነት ተነጥቀዋል፤ ለገበያ ከወጡባቸው መንገዶችም አንዱ ይኸው የመተማ መንገድ ነው። ስማቸውን ስንጠራ ይህን እናስታውስ።

ጉሙዝ ቀስተኛ ሕዝብ መሆኑ እውነት ነው። በ1770 እና በ1771 በፈረንጆች አቆጣጠር ጎንደር የከረመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚህ ቆላ ስላሉ ቀስተኞች ሲጽፍ፣ ከገደሉት አውሬ ሁሉ ከእርጥብ ቆዳው ቀለበት ቆርጠው በቀስታቸው ላይ እንደሚያጠልቁ፣ ቀለበቱ ሲበዛ ቀስቱ አልታጠፍ እንደሚልና ባለቤቱ በክብር እንደሚያኖረው ይተርካል። ግን በ12 ዓመት ውስጥ በቀይ የፍየል ቆዳ የተለበጠ፣ ተንሸራታች ክዳንና ዘርፍ ያለው መያዣ በአንድም የጉሙዝ ሰው ትከሻ ላይ አላየሁም። ይህ ለገበያ የሚሠራ የከተማ ቆዳ ሠሪ እጅ ነው።

ከዚህ ሌላ «ኳ» እና «ቋ» ለጎንደር ሰው ጆሮ አንድ አይደሉም። እትዬ፣ አያትዎ ቋራን «ኳራ» ሲሉ ሰምተው ያውቃሉ? ካልሰሙ፣ የአባትዎ ትርጓሜ የአባትዎ ብቻ ነው።

ከጅግጅጋ

ክዳን ያለው ክብ መያዣ ስመለከት መጀመሪያ ልቤ ወደ አገሬ ሄደ። የእኛ «ገቦዬ» ይባላል። አካሉ ከእንጨት ወይም ከቅርፊት ተሠርቶ በቆዳ ይለበጣል፤ ክዳንና የትከሻ ማንጠልጠያ አለው፤ ርዝመቱም ከእርስዎ ብዙ አይርቅም። ይህ ቃል የሰዎችም መጠሪያ ሆኗል። በአደንና በእጅ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ፣ ሌላው ጎሳ ልጁን ሊድርላቸው እንቢ ሲል የኖረ ወገኖች ገቦዬ ይባላሉ። መሣሪያቸውን የፈለገ ጦረኛ ሁሉ ከእነርሱ ጋር አብሮ ለመቀመጥ አለመፈለጉ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ስለዚህ የእኛ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ሆኖም ፎቶ 4 ላይ የፍላጻውን ጭራ ሳጎላው ላባ አላየሁም። የሶማሌ ፍላጻ ላባ አለው። በኬንያ የካምባ ሰዎች ፍላጻም እንዲሁ ላባ አለው፤ በዚያ ላይ ካምባዎች መርዙ እንዳይደርቅና ሰው እንዳይነካው ብረቱን በስስ ቆዳ ጠምጥመው ያኖሩታል፤ እያንዳንዱም አዳኝ በፍላጻው ላይ የራሱን ምልክት ያደርጋል። ላባ ረግፎ ከሆነ አሻራው አይጠፋም፤ ሙጫው ወይም የታሰረበት ጅማት ሸምበቆው ላይ መሥመር ይተዋል። በጓንት ይያዙና የ11ዱንም ጭራ ብርሃን ላይ ይመልከቱልን። ከመሥመሩ ምንም ከሌለ፣ ፊታችንን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እናዙር።

ሰብሳቢ

እኔ እገዛዎታለሁ። ፍላጻዎቹ 11ዱም ካሉ ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ። በውስጥ መልእክት ያናግሩኝ።

ሰፊዋ ከአዲስ ዓለም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ወንድሜ፣ መልእክትህን እንዳነበብሁ የልጅ ልጄን ከክፍሉ አስወጥቼ ፍላጻዎቹን የአባቴ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባቸው። ዛሬ ጠዋት በጓንት አውጥቼ መስኮት ሥር አንድ በአንድ አየኋቸው።

ላባ የለም። የሙጫ መሥመርም የለም። ጭራው ላይ ያለው አውታር የሚገባበት ክፍተት ብቻ ነው፤ ሸምበቆው እንዳይሰነጠቅ ከክፍተቱ በታች በቃጫ ጥምጥም ታስሮ ቡናማ ነገር ተቀብቷል። ጥምጥሙ በ10ሩ ላይ ሳይነካ አለ። ላባ ኖሮ ቢረግፍ ኖሮ ጥምጥሙ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቀርም ነበር።

የገለጎው መምህር፣ ጥያቄህ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። አያቴ ቋንጣን «ኳንጣ» ብለው አያውቁም። ቋራ የሚሄድ ዘመድ ነበረን፤ ስሙን ሲጠሩ «የቋራው» ነበር የሚሉት። ለዚህ ዕቃ ብቻ «ኳሪ» ይሉ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እርማት የሚያስፈልገው ስህተት መስሎን ኖረ።

አንድ ነገር ደግሞ ትናንት ሳልጽፍ ቀረሁ፣ ቁም ነገር ስላልመሰለኝ ነው። በማንጠልጠያው ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር በሦስት የሆነ፣ ዙሪያው የተሰፋ ድፍን የቆዳ ከረጢት አለ። ስጫነው ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ያለ ይመስላል። እኛ አገር ክታብ እንዲህ ነው የሚሰፋው። አልከፈትሁትም፤ ልከፍተውም አልፈልግም።

ሰብሳቢ ለተባሉት፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ዋጋ አልነጋገርም።

ደጓሹ

ልጄ፣ እኔ የብራና መጽሐፍ ደጓሽ ነኝ፤ ሙያውን ከአባቴ ተቀብዬ በዚሁ በጎንደር አርጅቼበታለሁ። ቅቤውን አሁኑኑ ተዪ። ቅቤ ለሚለበስና ለሚታጠፍ ቆዳ ነው። ለቆመ ዕቃ ሲቀባ ይከረፋል፤ አይጥና ነፍሳት ይጠራል፤ ቀዩን ቀለም ያጠቁረዋል። የቀባሽውን በደረቅ ጥጥ እየነካሽ አንሺው እንጂ አትሺው። ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ጭስም አይድረሰው። ታጥቦ በደረቀ አቡጀዲ ጠቅልለሽ በደረቅ ክፍል አስተኚው። ክታቡን አለመክፈትሽ ደግ አደረግሽ።

አሁን ስለ ድጉሱ ልንገርሽ። እኛ የዋንዛ ገበታ ላይ ቆዳ አልብሰን በጋለ ብረት እንደጉሳለን። ዙሪያውን ሐረግ እናወጣለን፤ መሐሉ ላይ መስቀል ይቆማል። የእኛ ጌጥ በመጫን ብቻ የሚወጣ ነው፤ ቆዳውን አንልጥም። አንቺ «እንደ ሽንኩርት ልጣጭ» ያልሽውን ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ አየሁት። ቢላው የላይኛውን ስስ ገጽ ብቻ ቀዶ ሲያነሣ ሥረኛውን አልነካውም። ለዚህ እጅ ብቻውን አይበቃም፤ ቆዳውም እጅግ ደህና ሆኖ የለፋ መሆን አለበት። በእኛ ወገን እንዲህ ሲሠራ አላየሁም።

ቀዩን ቆዳ አባቶቻችን ባሕር አረብ ይሉታል፤ ጥሩ የኮርቻ ልብስና የመጽሐፍ ማልበሻ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለሆነ ይመስላል እንዲህ የተባለው። ፈረንጆች ደግሞ የሞሮኮ ቆዳ ይሉታል፤ ነገር ግን ሞሮኮ የተባለው ብዙው የተለፋውና የቀላው በሐውሳ አገር፣ ዛሬ ሰሜን ናይጄሪያ በሚባለው፣ በካኖና በሶኮቶ ነው። ከዚያ በግመል ሰሐራን ተሻግሮ ሰሜን ወደቦች ሲደርስ የሻጩን አገር ስም ያዘ። ማቅለሚያውም ከአንድ ዓይነት ማሽላ አገዳ ሽፋን የሚወጣ ቀይ ነው። ያንቺን መያዣ በክዳኑ ሥር የቀረውን የበርበሬ መልክ ሳየው የታወሰኝ ይኸው ነው። ሐውሳ አገር የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር።

ገዳሪፍ ያደግኩ

እትዬ፣ ጽሑፉን የከፈትኩት በርዕሱ ምክንያት ነው። «ኳሪ» የሚለውን ሳነብ ብድግ ብዬ ቆምኩ።

ከወላጆቼ ጋር ተሰደን ሱዳን ገዳሪፍ ስገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎረቤቶቻችን ሐውሳዎች ነበሩ፤ ቋንቋቸውን ከልጆቻቸው ጋር አፈር ላይ ስጫወት ተማርኩት። በሐውሳ ኳሪ ማለት የፍላጻ መያዣ ነው። ባካ ደጋኑ ነው፤ ኪቢያ ፍላጻው ነው፤ ዳፊ መርዙ ነው። ማንጠልጠያው ላይ ያለውን ክታብ ደግሞ ላያ ይሉታል። «ኳሪ ዳ ባካ» ሲሉ እኛ «ቀስትና ፍላጻ» እንደምንለው ነው። አያትዎ ስለ ቋራ አልተናገሩም፤ ዕቃውን በራሱ ስም ነው የጠሩት።

ላባ አለመኖሩም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በምዕራብ አፍሪካ፣ ከሰሐራ በታች ባለው ሜዳ፣ ፍላጻ በብዛት ላባ የለውም። ሸምበቆው ቀላል ነው፤ ብረቱ ከፊት ይከብዳል፤ ክብደቱ ፍላጻውን አቅንቶ ይወስደዋል። የሚወረወረው ከቅርብ ነው፤ መርዝ ካለበት ደግሞ መጫር ብቻ ይበቃዋል። እሾኻም አንገት ያላቸው አራቱም ፍላጻዎች የዚያው አገር መልክ ናቸው።

እንዴት ጎንደር ደረሰ ለሚለው፣ የእኔ ጎረቤቶች ገዳሪፍ የደረሱበት መንገድ መልስ ይሆናል። የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊሞች ለሐጅ በእግራቸው ይወጡ ነበር። ከካኖ፣ ከሶኮቶ፣ ከቦርኑ ተነሥተው በዳርፉር አድርገው ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ፣ በየደረሱበት እየሠሩና እያረሱ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ዐረቦች ሁሉንም በአንድነት ተክሩሪ ይሏቸዋል። ብዙዎች መተማና ገላባት ላይ ቀርተው ትልቅ መንደር መሥርተዋል፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 በፈረንጆች ገላባት ሲደርስ አግኝቷቸዋል። እንግሊዞች በ1903 ሶኮቶን ሲይዙ ደግሞ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ተሰዶ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ ከሴናር በላይ፣ ማዩርኖ የተባለውን ከተማ ቆረቆረ። ከተጓዦቹ አንዳንዶች ወደ ሱዳኑ የቀይ ባሕር ወደብ ወደ ሱዋኪን ከመሄድ ይልቅ ወደ ደጋው ወጥተው በጎንደር በኩል ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ጎንደር ውስጥ ሙስሊም እንግዳ የሚያርፍበት ሰፈር የትኛው እንደነበር ለአዲስ ዓለም ልጅ እኔ አልነግርም።

አባትዎ መተማን በልክ ነግረውዎታል። ዕቃው ግን በጦርነት ሳይሆን በሐጅ መንገድ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ነገር የሚያውቅ በዕድሜ የገፋ ሰው ከቤተሰቡ ካለ፣ እባክዎ ሳይመሽ ይጠይቁልኝ።

የገለጎ መምህር

ለሰብሳቢ፦ በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እትዬ፣ ጊዜ ሲያገኙ ፎቶውንና ልኩን ይዘው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያስመዝግቡት። ማስመዝገብ ማስረከብ አይደለም፤ ዕቃው በእጅዎ ይቆያል።

ሰፊዋ ከአዲስ ዓለም

ትናንት አዘዞ ሄጄ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት፣ የ88 ዓመት አክስት አሉኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸው ግን ብሩህ ነው። ፎቶ ስለማይታያቸው ባዶውን መያዣ በአቡጀዲ ጠቅልዬ፣ ፍላጻዎቹን ቤት ትቼ፣ ወሰድሁላቸው። ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁት። በጣታቸው ክዳኑን ወደ ላይ አንሸራተቱ፤ ዘርፉን አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩና «የእንግዳው ነው» አሉኝ።

የማን እንግዳ ብዬ ጠየቅኋቸው።

ታሪኩን የሰሙት ከእናታቸው፣ ከአያቴ፣ ነው። አያቴ ሕፃን ሳሉ አባታቸው ከመተማ ሲመለሱ አንድ ሰው አስከትለው መጡ። ሐጅ የሚሄድ፣ ረጅም፣ አማርኛ የማያውቅ ሰው ነው። ቆላው ላይ ወባ ይዞት ነበርና ክረምቱን እዚህ ቤት ታሞ ተኝቶ ከረመ። ለልጆቹ ከቆዳ ቁራጭ ትናንሽ ግመሎች ይሰፋላቸው ነበር። አያቴ የቋንቋውን ጥቂት ቃል የያዙት ያኔ ነው። ከመስከረም በኋላ ሲሻለው ወደ ምጽዋ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ተነሣ። ለሐጅ የሚሄድ ሰው አያድንም ብሎ ይህን ለአያቴ አባት አደራ ሰጥቶ «ስመለስ እወስደዋለሁ» አለ። በዚያው ቀረ።

ስለ ድርቡሽ ስጠይቃቸው፣ «አባትሽ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጣ፤ እናቴ ብትቆጣውም አልተወም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «አንዱን ፍላጻ የሰበረውም እርሱ ነው» አሉኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከቆጡ ሰርቆ አውርዶ ግቢ ውስጥ ሲወረውር ሰበረው። አያቴ የሰው አደራ በእጄ ተሰበረ ብለው አለቀሱ፤ ማታ በኩራዝ ቁጭ ብለው እንዝርታቸው ላይ ከነበረው ፈትል መዘው ጠገኑት። አባቴ ዕድሜ ልኩን እኛን ለምን እንዳላስነካን አሁን ገባኝ።

ለሰብሳቢ፦ አይሸጥም።

ደጓሹ አባቴ፣ ቅቤውን እንዳሉኝ በጥጥ እያነሣሁ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ገና አላለቀም። ለማስመዝገብ ሰኞ እሄዳለሁ። ለመያዣው ከአዲስ አቡጀዲ ከረጢት ሰፍቼለታለሁ፤ አፉ ላይ «ኳሪ» ብዬ በቀይ ክር ጠልፌበታለሁ። ከሥሩ ቦታ ተርፎኛል። ገዳሪፍ ያደግኸው ወንድሜ፣ ከመንገድ የተመለሰን ሰው «እንኳን ደህና መጣህ» ለማለት በሐውሳ ምን ይባላል?

ገዳሪፍ ያደግኩ

«ሳኑ ዳ ዙዋ» ይባላል፣ እትዬ።